መርጫ ከማንሳታችሁ በፊት ማጭድ ሳሉ፦ የአልፋልፋና የቬች ተባይ መቆጣጠሪያ መመሪያ

ክሽክሽን መጀመሪያ ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በሱሪዬ ነው። ሱሉልታ ውስጥ፣ በኅዳር፣ ጠዋት ላይ አልፋልፋ ላጭድ ገባሁ። ስወጣ የሱሪዬ ጉልበት ይጣበቃል። ጤዛ መሰለኝ። ጤዛ ግን አይጣበቅም። ጎንበስ ብዬ የአንዱን ቡቃያ ጫፍ ገለበጥሁ። ከቅጠሉ ሥር ጥቃቅን አረንጓዴ ነፍሳት ተደርድረው የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣሉ።

ያን ቀን ትልቅ ስህተት ሠራሁ። ከአንድ ሱቅ ምንም ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ የተቀዳ መድኃኒት ገዝቼ ማሳውን በሙሉ ረጨሁ። ክሽክሹ በሁለት ቀን አለቀ። ክሽክሹን ይበሉ የነበሩት ጥንዚዛዎችም አብረው አለቁ። በሦስተኛው ሳምንት ክሽክሹ ከበፊቱ በዝቶ ተመለሰ፤ ጥንዚዛዎቹ ግን አልተመለሱም። አልፋልፋውን ለላሞቼ መስጠትም ፈራሁ። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ነገር አልነበረም። አጭጄ ጣልሁት። በዚያ ወር ድርቆሽ ገዝቼ ነው ያበላኋቸው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሱሉልታ፣ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በሰንዳፋ፣ በዱከምና በአቃቂ በኩል፣ ለጥቂት ላሞች መኖ ለምታለሙ ነው። የፉርሽካና የፋጉሎ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ጓሮ የበቀለ አልፋልፋ ወጪውን በደንብ ያቀልላል። ተባይ ሲበላው ደግሞ የሚጎዳው ኪሳችን ነው።

መኖ ከሌላው ሰብል የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ባቄላ ወይም ሽምብራ የዘራ ሰው ፍሬው እስኪደርስ መጠበቅ ግዴታው ነው። ተባይ ቢመጣበት መሸሻ የለውም። እኛ የምንፈልገው ግን ቅጠልና ግንዱን ነው። ስለዚህ ቀኑን ቀደም አድርገን ማጨድ እንችላለን። ተባዩ የሚኖርበትን ቤት በአንድ ጠዋት እናፈርሰዋለን ማለት ነው። በሌላ በኩል የረጨነው ሁሉ በቀጥታ ግርግም ውስጥ ይገባል። የሚላጥ የለ፣ የሚፈተግ የለ። ላሟ ቅጠሉን እንዳለ ትበላዋለች፤ ማታ ወተቱን ልጅ ይጠጣል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ማጭድ ከፊት፣ ኬሚካል ከኋላ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 1፦ ከመዝራት በፊት መሬቱንና ጎረቤቱን ማየት

አልፋልፋ ውሃ የሚተኛበት መሬት አይወድም። ጥቁር ዋልካ ላይ ክረምቱን ሥሩ ይታፈናል፣ ይገረጣል። እንዲህ የደከመ ተክል ደግሞ ትንሽ ተባይም ይጥለዋል። መሬታችሁ ዋልካ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሥሩና የውሃ ማውጫ ቦይ ቅደዱ። ያ ካልሆነ ቬችን፣ ያንን አተር መሰል የመኖ ሐረግ፣ ከአጃ ጋር ዝሩ፤ ቬች ከአልፋልፋ ይልቅ ዋልካውን ይችለዋል።

ቀጥሎ ቆራጭ ትልን አስቡ። ቀን አፈር ውስጥ ይደበቃል፤ ማታ ወጥቶ ለጋውን ቡቃያ ከአፈሩ አፋፍ ላይ ይቆርጠዋል። አፈር ውስጥ ስታገኙት እንደ ቀለበት ይጠቀለላል። ይህን ትል ከመዝራት በፊት መቀነስ ይቻላል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ መሬቱን ደጋግማችሁ እረሱ፤ አረሙንም አጥፉ። የሚበላው አረም ካላገኘ ይራባል። ሲገላበጥም ፀሐይና ወፍ ይጨርሰዋል። ዶሮ ካላችሁ ከማረሻው ኋላ ልቀቋቸው። የእኔዎቹ ይህን ሥራ ከእኔ በላይ ይወዱታል።

አሁን ደግሞ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ሆለታና ሰበታ በኩል አተርና ባቄላ አለ። ዱከምና አቃቂ በኩል ምስርና ሽምብራ አለ። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እነዚህ ሰብሎች መድረቅ ይጀምራሉ። ላያቸው ላይ የነበረው ክሽክሽ ክንፍ ያወጣና አረንጓዴ ነገር ፍለጋ ይነሳል። በዚያ ሰሞን በዙሪያው በመስኖ ለምልሞ የሚታየው የእናንተ አልፋልፋ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንግዳው ሁሉ እናንተ ጋ ያርፋል። የምትዘሩበት ቦታ ላይ ምርጫ ካላችሁ ከአተርና ከምስር ማሳ ራቅ በሉ። ምርጫ ከሌላችሁ የጎረቤት አተር መቼ እንደሚታጨድ ጠይቁና ያንን ቀን መዝግቡ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ዓይናችሁን ከማሳው የማትነቅሉባቸው ናቸው።

በማሳው ዳር ድንብላልና እንስላል ብትዘሩ ደስ ይለኛል። ጥቃቅን አበባቸው ክሽክሽ የሚገድሉ ዝንቦችና ተርቦች ምግብ ነው። ለወጡም ይሆናል።

ደረጃ 2፦ በሳምንት አንድ ቀን በነጭ ሳፋ መቁጠር

የሚያስፈልጋችሁ ነጭ የፕላስቲክ ሳፋና ደብተር ብቻ ነው። ቀኑን አትለዋውጡት። እኔ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ አደርገዋለሁ። እርጥብ ቅጠል ሲራገፍ ነፍሳቱ ከውሃው ጋር ይጣበቁና ለመቁጠር ያስቸግራሉ።

ማሳውን ከዳር እስከ ዳር እየተጠማዘዛችሁ ሂዱ። በአምስት ቦታ ቁሙ። በበሩ በኩል ያለውን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ክሽክሽ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ጥግ ወይም ነፋስ ከሚመጣበት ዳር ነው። በየቦታው ስድስት ግንድ ምረጡ። መጀመሪያ ሳፋውን ከሥሩ አስጠጉ፤ ከዚያ ግንዱን ያዙና ሳፋው ላይ አራግፉ። ቅደም ተከተሉ ይህ የሆነው የአተር ክሽክሽ ገና ሲነካ ራሱን ወደ መሬት ስለሚጥል ነው። ግንዱን ቀድማችሁ ከያዛችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል።

ሳፋው ላይ የወደቀውን ቁጠሩ። የሠላሳውን ግንድ ደምሩና ለ30 አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር በአንድ ግንድ ላይ ያለው አማካይ ነው። ከጎኑ የተክሉን ቁመትና ያያችኋቸውን ጥንዚዛዎች ጻፉ። ሁሉም ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። አንድ ሳምንት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሦስት ሳምንት ጎን ለጎን ሲታይ ግን ክሽክሹ እየወጣ ይሁን እየወረደ ግልጽ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ያገኛችሁትን መለየት

ክሽክሽ። ከሁሉ በላይ የሚያደክመን እሱ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። አልፋልፋና ቬች ላይ የምታዩት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የአተር ክሽክሽ ነው። አረንጓዴ ነው፤ አንዳንዴም ሮዝማ። እግሩ ረጅም ነው፤ ከሌሎቹ ክሽክሾች ተለቅ ይላል። ሌላው ጥቁር አብረቅራቂ ነው። የቡቃያው ጫፍ ላይ ተጠጋግቶ ይሰፍራል፤ ጉንዳንም ይከተለዋል። ጉንዳኑ የሚመጣው ከክሽክሹ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ ነው። ሱሪዬ ላይ የተጣበቀውም ይኸው ፈሳሽ ነበር።

ክሽክሽ የሚያስፈራው አረባቡ ነው። ሴቷ ወንድ አያስፈልጋትም። እንቁላል ሳትጥል፣ ሕይወት ያለው ልጅ ትወልዳለች። የተወለደችው ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ራሷ መውለድ ትጀምራለች። አንዷ በዕድሜዋ ከ50 በላይ ልትወልድ ትችላለች። ባለፈው ቅዳሜ ምንም ያልመሰላችሁ ነገር በሚቀጥለው ቅዳሜ ማሳውን ሞልቶ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ የቫይረስ በሽታ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ያሻግራል። ቡቃያው ይኮማተራል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ተክሉ ይቀነጭራል። ጣፋጩ ፈሳሽ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ላሞች እንዲህ ያለውን መኖ አሽትተው ሊተዉት ይችላሉ።

ከባድ ዝናብ ክሽክሽን ያራግፈዋል። እርጥበት ሲበዛም ፈንገስ ይገድለዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብዙም የማያስቸግረን በዚህ ነው። ችግሩ በጋውን በመስኖ ስናለማ ነው።

ጓይ ትል። ሽምብራ የሚያመርቱት የዱከምና የቢሾፍቱ ገበሬዎች በደንብ ያውቁታል። የእሳት እራት መሰል ቢራቢሮው ማታ ማታ እንቁላሉን አንድ በአንድ ይጥላል። ትሉ አረንጓዴም፣ ቡናማም፣ ሮዝማም ሊሆን ይችላል፤ ሲያድግ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የሚወደው አበባና ፍሬ ነው። ይህ ለእኛ ደስ የሚል ዜና ነው። ቬቹን ወይም አልፋልፋውን ፍሬ ሳይቋጥር የምናጭድ ከሆነ ጓይ ትል ብዙ አያገኝም። የሚያስጨንቀው ለዘር የተተወ ማሳ ላይ ነው።

አልፋልፋ ላይ የሚያንዣብብ ብርቱካናማ ቢጫ ቢራቢሮም ታያላችሁ። ትሉ አረንጓዴ ነው፤ በጎኑ ነጣ ያለ መስመር አለው። ቅጠል ይበላል። በጣም ካልበዛ አትጨነቁበት።

ተምች። አጃና ቬች ቀላቅላችሁ ከሆነ ይህን አስታውሱ። የአፍሪካ ተምች የሚበላው የሣር ዝርያዎችን ነው፤ ስለዚህ አጃውን ጨርሶ ቬቹን ሊተወው ይችላል። አጃው ብቻ ተበልቶ ካያችሁ ተምችን ጠርጥሩ። ያኔ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ንገሩ። ተምች እንደ መንጋ ስለሚጓዝ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም።

የሚያቃጥሉ ጥንዚዛዎች። እነዚህን ተጠንቀቁ። ጥቁር ሆነው ቀይ ወይም ቢጫ ቀበቶ ያላቸው፣ አበባ ላይ ተሰብስበው የሚበሉ ጥንዚዛዎች ናቸው። ሲጨፈለቁ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳን ያቃጥላል፤ ውሃም ያስቋጥራል። የሚያሳስበኝ የእጃችን ነገር አይደለም። መርዛቸው ከሞቱም በኋላ ድርቆሹ ውስጥ ይቆያል። ፈረስ ሲበላው በጣም ይታመማል፤ ሊሞትም ይችላል። የጋሪ ፈረስ ላለው ሰው አልፋልፋ የምትሸጡ ከሆነ ጥንዚዛ የሰፈረበትን አበባ አጭዳችሁ አትስጡት። ያጨዳችሁትን ሳትረግጡ በስሱ ዘርግታችሁ ብታሰነብቱት ብዙዎቹ ራሳቸው ለቀው ይሄዳሉ። የተጨፈለቀው ግን እዚያው ይቀራል።

ትሪፕስ የሚባለው ቀጭን ነፍሳት ቅጠሉን ብርማ ያደርገዋል። አበባውን ነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ ስታደርጉ ይታያል። ዳር ዳሩ በአቧራ የተሸፈነ፣ ፒስታ መንገድ አጠገብ ያለ ማሳ ላይ ደግሞ ቀይ ሸረሪት ይወጣል። እሱ በእርግጥ ነፍሳት አይደለም። ውሃ ረጭታችሁ አቧራውን ብታጥቡለት ይቀንሳል።

ተባይ ያልሆነውንም ለዩ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሱሉልታና ሆለታ ውርጭ ይጥላል። ጠዋት ጫፉ የጠቆረ፣ የተቀቀለ የሚመስል ቅጠል ካያችሁ ውርጭ ነው። ለውርጭ መድኃኒት የረጩ ሰዎች አይቻለሁ። ገንዘባቸው ያሳዝነኛል።

ደረጃ 4፦ ወዳጆችን መቁጠር

ቀይ ጀርባ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ክብ ጥንዚዛ ሁላችንም እናውቃታለን። ልጇን ግን ብዙ ሰው አያውቃትም። ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ ብርቱካናማ ነጥብ ያላት፣ ትንሽ አዞ የምትመስል ነገር ናት። ሰዎች ተባይ መስላቸው ይጨፈልቋታል። እሷ ግን ከእናቷ ጋር በቀን በአሥሮች የሚቆጠር ክሽክሽ ትበላለች።

ንብ የምትመስል፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ዝንብም አለች። ልጇ እግር የሌለው ትል ነው፤ ክሽክሽ መሐል ገብቶ ይበላል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጥቃቅን ተርቦች ናቸው። እንቁላላቸውን በክሽክሹ ሆድ ውስጥ ይጥላሉ። ክሽክሹ ያብጥና የደረቀ ገለባ ቀለም ይይዛል፤ ቅጠሉ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል። እንዲህ ያበጡትን ስታዩ ደስ ይበላችሁ። ከእያንዳንዱ አዲስ ተርብ ይወጣል።

ወዳጆቹ ሁልጊዜ ዘግይተው ይመጣሉ። ክሽክሹ ካልበዛ ምግብ የላቸውም። መሐል ላይ ያለችው ያቺ አንድ ሁለት ሳምንት ናት ሰውን የምታስቸኩለው። እኔም የቸኮልሁት በዚያች ሳምንት ነበር።

ደረጃ 5፦ መወሰንና ማጨድ

በውጭ አገር አልፋልፋ አብቃዮች የሚመሩበት ቁጥር አለ። ተክሉ ከ25 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ በአንድ ግንድ ከ40 እስከ 50 የአተር ክሽክሽ፤ ከ25 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከ70 እስከ 80፤ ከዚያ ካለፈ 100 እና ከዚያ በላይ። ከዚህ በታች ከሆነ ተክሉ ይችለዋል። ቁጥሩ ለትልልቅ እርሻ የወጣ ነው፤ እኔ እንደ መነሻ እንጂ እንደ ሕግ አልይዘውም። ወዳጆች በብዛት ካሉ አንድ ሳምንት እጨምርለታለሁ። ተክሉ ውሃ ጠምቶት ከሆነ ደግሞ ቀደም እላለሁ።

ቁጥሩ ከላይ ከሆነና አልፋልፋው ከጉልበት በላይ ከደረሰ እጨዱት። የተለመደው የማጨጃ ጊዜ ከአሥር ግንድ አንዱ ማበብ ሲጀምር ነው። ክሽክሽ ከበዛ ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ማለት ይቻላል። ከመሬት ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር አስቀሩ። ሲታጨድ ምግቡም ጥላውም ይጠፋል። ፀሐይ በቀጥታ መሬቱን ይመታል። የቀረው ክሽክሽ ይደርቃል ወይም ይበላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አልፋልፋ ለቀጣዩ ዕድገት የሚሆነውን ስንቅ የሚያከማቸው ሥሩ ውስጥ ነው። በተደጋጋሚ ቀድማችሁ ካጨዳችሁት ሥሩ ይራባል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ይሳሳል። አንዴ ለተባይ ብላችሁ ቀድማችሁ ካጨዳችሁ የሚቀጥለውን ዙር አበባ እስኪይዝ ተዉት።

በየቀኑ ለላሞች የሚበቃ ብቻ የምታጭዱ ከሆነ፣ እንደ እኔ፣ ዕድለኞች ናችሁ። የዛሬው ማጭድ ከየት ይጀምር የሚለው ጥያቄ ግን ትልቅ ነው። ብዙዎቻችን ከበሩ እንጀምራለን፤ ሸክሙ ይቀላል። ቅዳሜ ስትቆጥሩ ክሽክሽ የበዛበትን ጥግ ደብተሩ ላይ ምልክት አድርጉበትና እሁድ ከዚያ ጀምሩ። ተባዩ ሳይሰራጭ ምንጩን ትቆርጡታላችሁ። ገና ያልታጨደው ክፍል ደግሞ ለጥንዚዛዎችና ለተርቦች መጠለያ ይሆናል፤ ከዚያ ተነስተው አዲሱን ቡቃያ ይጠብቃሉ። ሙሉ ማሳ በአንድ ቀን የምታጭዱ ሰዎችም ቢሆን አንድ ጠባብ መስመር ለሳምንት ተዉላቸው።

ክሽክሽ ያለበት አልፋልፋ ለላም ይሰጣል ወይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ክሽክሹ ራሱ መርዝ አይደለም። ካልሻገተ ስጡ። ግን ጤዛ እንዳለበት፣ ትኩሱን፣ ለተራበች ላም አትስጡ። ይህ ከተባይ ጋር አይገናኝም፤ ሆዷን ይነፋታል፤ ሊገድላትም ይችላል። ጠውለግ አድርጋችሁ፣ ድርቆሽ ካስቀደማችሁ በኋላ ስጡ።

ያጨዳችሁትን ማሳው ላይ ከምራችሁ አታሳድሩ። ከክምሩ ሥር ያለው ቡቃያ ይገረጣል፤ ክሽክሹም ወደ እሱ ይወርዳል። ውሃ የምታጠጡት ካጨዳችሁና ካነሳችሁ በኋላ ይሁን። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ተመልሳችሁ ጉቶውን እዩ። ቡቃያው ካልተነሳና ክሽክሽ ከተሰበሰበበት ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

ለአጃና ቬች ቅልቅል ነገሩ ይቀላል። ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ ዘርታችሁ ቬቹ ሲያብብ ካጨዳችሁ ክሽክሹ ከሚበዛበት ደረቅ ወቅት ቀድማችሁ ትወጣላችሁ።

ደረጃ 6፦ ውሃና ሳሙና

ለጥቂት መደብ ውሃ ብቻ ይበቃል። ጎማ ካላችሁ ጠንከር ባለ ግፊት ቡቃያውን ከሥር ወደ ላይ እጠቡት። የወደቀው ክሽክሽ ብዙው ተመልሶ አይወጣም። ሦስት ቀን ደጋግሙት።

ካልሆነ ሳሙና ተጠቀሙ። 1 ሊትር ውሃ ላይ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በቂ ነው፤ 15 ሊትር ለሚይዝ የጀርባ መርጫ 150 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ስለሚያቃጥል አትጠቀሙ። መጀመሪያ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሞክሩና ሁለት ቀን ጠብቁ። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከቅጠሉ ሥር እንዲገባ አድርጉ፤ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ርጩ። ከአራት አምስት ቀን በኋላ መድገም ያስፈልጋል። መኖውን ከመስጠታችሁ በፊት በውሃ ይታጠብ።

ስለ ኒም አንድ ነገር ልበል። እውነተኛው ኒም፣ ፍሬው ተወቅጦ ለተባይ የሚረጨው፣ የቆላ ዛፍ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው ኒም እየተባለ የሚታየው ሐምራዊ አበባና ቢጫ ድብልብል ፍሬ ያለው ዛፍ ዘመዱ እንጂ እሱ አይደለም። ፍሬው ለከብት መርዝ ነው። ወቅጣችሁ መኖ ላይ አትርጩት።

ደረጃ 7፦ ኬሚካል፣ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ

እኔ ኬሚካል ያስፈልጋል የምለው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። አዲስ የተዘራ አልፋልፋ ገና ለማጨድ ሳይደርስ ክሽክሽ ሲወርሰው። ያኔ ማጭድ አይሠራም፤ ሳሙናም ለሰፊ መሬት አይዳረስም። የደረሰ አልፋልፋ ላይ መርጨት ግን ምክንያቱ አይገባኝም። አጭዶ ማብላት እየተቻለ ለምን መርዝ ይጨመርበታል?

መርጨት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ጠርሙሱን አንብቡ። አገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 674/2002 ነው። የተመዘገበ ምርት ስሙ፣ መጠኑ፣ የሚረጭበት ሰብልና ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት ተጽፎበታል። ይህ ያልተጻፈበትን አትግዙ። ተቀድቶ የሚሸጠውን በፍጹም አትንኩ። የመጠበቂያ ቀኑ ለእኛ ከሁሉም ይበልጣል። እንደ ዳይሜቶኤት ያሉት መድኃኒቶች ቅጠሉ ውስጥ ገብተው ከፈሳሹ ጋር ይዘዋወራሉ። ማጠብ አያወጣቸውም። እንደ ዲዲቲ ያሉ በስብ ውስጥ የሚከማቹ መርዞች ደግሞ ከመኖው ወደ ወተቱ ስብ ያልፋሉ። ማፍላትም አያጠፋቸውም። ጽሑፉ መኖን ካልጠቀሰ የግብርና ባለሙያችሁን ሳትጠይቁ አትርጩ።

ያበበ ማሳ አይረጭም። አልፋልፋና ቬች ሲያብቡ ንብ ይሰበሰብባቸዋል። ከመርጨታችሁ በፊት ለንብ አናቢ ጎረቤታችሁ ንገሩ፤ ማታ ንብ ከገባ በኋላ ርጩ። ጓንት፣ ቦቲ፣ የአፍንጫ መሸፈኛና ረጅም ልብስ ይኑራችሁ። ነፋስ ካለ ተዉት። መርጫውን ወንዝ ዳር አትጠቡ። ባዶውን ጠርሙስ ወይም ጀሪካን ቀዳድዳችሁ ከጥቅም ውጭ አድርጉት። ወተት ወይም ውሃ ሲቀዳበት ስላየሁ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ላሟ በስህተት የተረጨ መኖ በልታ ለሐጯ ከበዛ፣ ዓይኗ ካለቀሰ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ካስቀመጣት ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ጥሩና የመድኃኒቱን ጠርሙስ አሳዩት። የትኛው መርዝ እንደሆነ ካወቀ በፍጥነት ሊረዳት ይችላል። ወተቷን አትጠጡ፣ አትሽጡ።

ደረጃ 8፦ ለዘር የተተወ ቬች

የቬች ዘር በየዓመቱ መግዛት ከባድ ስለሆነ ብዙዎቻችን ከማሳው ጥግ ትንሽ ለዘር እንተዋለን። እዚህ ላይ ማጭድ አያድነንም። ፍሬው እስኪበስል መጠበቅ አለብን። ጓይ ትልን ማታ ማታ በእጅ ልቀሙ፤ ለአንድ ጥግ ይበቃል።

ሌላው ጠላት ነቀዝ ነው። ብዙ ሰው ነቀዝ ጎተራ ውስጥ የሚፈጠር ይመስለዋል። የቬችና የአተር ነቀዝ ግን ከማሳ ይጀምራል። እንቁላሉን ፍሬውን በያዘው አረንጓዴ ከረጢት ላይ ይጥላል፤ ትሉ ሰርስሮ ፍሬው ውስጥ ይገባል። ከውጭ ምንም አይታይም። ከወራት በኋላ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል።

የታችኞቹ ከረጢቶች ቡናማ ሲሆኑ እጨዱ፤ ከዘገያችሁ ይፈነዳና ይረግፋል። ሸራ ላይ አድርቁት። መድረቁን በጥርስ ፈትኑ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ጥርስ ውስጥ ከገባ ገና ነው። ከዚያ ባለሦስት ሽፋን ፒክስ ከረጢት ውስጥ አየሩን ጨምቃችሁ አውጡና እያንዳንዱን ሽፋን ለየብቻ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። እየፈታችሁ አትዩት፤ በከፈታችሁ ቁጥር አየር ይገባል። ዘሩ አንድ ሁለት ኪሎ ብቻ ከሆነ በደንብ ከደረቀ በኋላ በላስቲክ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት ብታሳድሩትም ይሠራል።

ሰኔ ላይ ከረጢቱ ሲፈታ ዘሩን ከመዝራታችሁ በፊት ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ጨምሩትና አማስሉት። ጤነኛው ይሰምጣል። ነቀዝ ውስጡን የበላው ይንሳፈፋል። የሰመጠውን አውጡና በዚያው ቀን ዝሩት። የተንሳፈፈውን ለዶሮዎቹ አትስጡ፤ የቬች ፍሬ ለዶሮ መርዛማ ሊሆን ይችላል።